ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ማግኘት፦ በአማርኛ ለሚጀምሩ

አራት ኪሎ ላይ ስልክ ያልያዘ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሰው ቲክቶክ ያያል፣ ቴሌግራም ላይ ያወራል፣ በቴሌብር ይከፍላል። ፓስፖርት ለማሳደስ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ማወቅ ሲፈልግ ግን ለጓደኛው ይደውላል። ጓደኛው ደግሞ የሚያውቀው የዛሬ ሦስት ዓመቱን ዋጋ ነው።

ይህ መመሪያ ስልክ መንካት ለማይፈሩ፣ ግን ጎግል ላይ ጽፈው የፈለጉትን ለማያገኙ ሰዎች ነው። ፍለጋን የሚያስተምሩ ጽሑፎች ብዙዎቹ እንግሊዝኛን አስበው የተሠሩ ናቸው። እኛ ጋ ፊደሉ፣ ዘመን አቆጣጠሩ፣ ሰዓቱና አድራሻው ሁሉ የራሳችን ነው። ችግሩም የሚፈጠረው እዚያ ላይ ስለሆነ ጠለቅ የምለው እዚያው ነው። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

1. ዕቃችሁን አሰናዱ

አንድሮይድ ስልክ ላይ ክሮም የሚባለው አፕ አብሮ ይመጣል። ክፈቱት። ከላይ ያለው ረዘም ያለ ሳጥን የምትጽፉበት ነው። ዳታ ከሌላችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች *999# ደውላችሁ ወይም በቴሌብር ጥቅል ግዙ። ስልክ ላይ ማንበብ የሚያደክማችሁ ከሆነ በ2014 የተከፈተው፣ አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮች አሉት።

ቀጥሎ ኪቦርድ። ጂቦርድ በሚባለው የጎግል ኪቦርድ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ «ቋንቋዎች» የሚለው ሥር አማርኛን ጨምሩ። ከዚያ ወዲህ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መቀያየር በአንድ ንክኪ ነው።

መጻፍ የሚያታክታችሁ ማይክሮፎኗን ነክታችሁ ተናገሩ። ጎግል አማርኛን በድምፅ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ረጋ ብላችሁ፣ ጫጫታ በሌለበት ብትናገሩ ደህና አድርጎ ይጽፋል። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ረዳት «ሳሪስ! ቃሊቲ!» እያለ ሲጮህ ግን አትሞክሩት።

2. ጎግል ምን እንደሚያደርግ እወቁ

ጎግል መልሱን የሚያውቅ ሰው አይደለም። አስቀድሞ በሶፍትዌር እየዞረ ብዙ ገጾችን አንብቦ በየቃላቱ መዝግቧቸዋል። እናንተ ስትጽፉ የሚፈልገው እዚያ መዝገብ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያውን በሩ ላይ ብቻ ከለጠፈ ጎግል አያየውም። ቴሌግራም ውስጥ ብቻ የተጻፈውንም በአብዛኛው አያመጣውም። አንዳንዴ የማታገኙት ስለማትችሉ ሳይሆን ነገሩ እዚያ ስለሌለ ነው።

3. መልሱ በሚጻፍበት ቃል ጻፉ

ጎረቤቴ የሆኑ እናት አንድ ቀን ስልካቸውን ሰጡኝና «እስቲ አንተ ልጅ፣ ይሄ ጎግል የምትሉት እኔን አይሰማኝም» አሉኝ። የጻፉት እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አለ፦ «ልጄ ውጭ አገር ልትሄድ ነው ፓስፖርቷ ጊዜው አልፎበታል ምን ላድርግ»።

ለሰው ቢሆን ጥሩ ጥያቄ ነው። «እማማ፣ ታሪኩን እንተወው» አልኳቸውና ሦስት ቃል ብቻ አስቀረን፦ «ፓስፖርት እድሳት መስፈርት»። የመጣው ነገር ወዲያው ሌላ ሆነ።

ነገሩ ይኼው ነው። መልሱን የጻፈው ሰው ምን ብሎ ይጽፈዋል ብላችሁ አስቡ። ቢሮ ደግሞ እንደ መንደር አያወራም። እኛ «ልደት ካርድ» የምንለውን እነሱ «የልደት ምስክር ወረቀት» ይሉታል። የእኛ «የቤት ካርታ» እዚያ «የይዞታ ማረጋገጫ» ነው። «ቀበሌ መታወቂያ» «የነዋሪነት መታወቂያ» ይሆናል፤ «ኮንዶሚኒየም» ደግሞ «የጋራ መኖሪያ ቤት»። «መንጃ ፈቃድ» ሲባል ሁሉም ይገባዋል፣ የቢሮው ወረቀት ግን «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ» ሊል ይችላል። በመንደሩ ቃል ፈልጋችሁ ካልመጣ በቢሮው ቃል ሞክሩ። የቢሮውን ቃል ካላወቃችሁ መጀመሪያ የመጡትን ሁለት ሦስት ገጾች ገረፍ ገረፍ አድርጉ። እዚያ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ያንን ይዛችሁ እንደገና ፈልጉ። ፍለጋ በአንድ ዙር የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ስንት ቃል ይበቃል? ከሦስት እስከ አምስት። አንድ ቃል ብቻ ከሆነ ይበተናል፤ «ፓስፖርት» ብላችሁ ብትጽፉ ዜናውም፣ ሽያጩም፣ የሌላ አገር ጉዳይም ይመጣል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ዋናው ነገር ይዋጣል።

4. ፊደሉን ለዋውጡ

እንግሊዝኛ ፈላጊ የማያውቀው የእኛ ፈተና ይህ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ። ሰ እና ሠ። አ እና ዐ። ጸ እና ፀ። ስናነባቸው አንድ ናቸው፣ ለማሽን ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጎግል አንዳንዴ ያቀራርባቸዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ፊቱን ያዞራል።

በራሳችሁ ስልክ ሞክሩት። «የሥራ ማስታወቂያ» ብላችሁ ፈልጉና ያመጣላችሁን እዩ። ቀጥሎ «የስራ ማስታወቂያ» በሉ። ዝርዝሩ ሊለይ ይችላል። ፒያሳ ስለሚገኘው፣ በየካቲት 2016 ስለተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ማወቅ ፈልጋችሁ «ዓድዋ» ብትሉ ጠንቃቃው ጸሐፊ የጻፈው ይመጣል፤ «አድዋ» ብትሉ ደግሞ እንደኔ የሚቸኩለው ሕዝብ የጻፈው። ብዙው መረጃ ያለው የቸኮለው ሕዝብ ጋ ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን አጻጻፍ የምታውቁ ሰዎች ኩራታችሁን ለጊዜው አስቀምጡና በሁለቱም ፈልጉ።

የውጭ ቃላትም እንደዚያው ናቸው። «ዩኒቨርሲቲ»፣ «ዩንቨርስቲ»፤ «ኮምፒውተር»፣ «ኮምፒዩተር»። ሁሉም እንደ አፉ ይጽፋል።

ሌላው ቃሉ ላይ የምንለጥፈው ነገር ነው። «በፒያሳ»፣ «የፒያሳ»፣ «ከፒያሳ»፣ «ፒያሳን»። ቅጥያውን አውልቁና «ፒያሳ» ብቻ ጻፉ። «ሰዓቴን የሚጠግን ፒያሳ ውስጥ» ከማለት «ሰዓት ጥገና ፒያሳ» ይሻላል።

5. ዘመኑንና ሰዓቱን አትርሱ

2017 ብላችሁ ስትጽፉ እናንተ የምታስቡት የእኛን 2017 ነው። ማሽኑ ግን የፈረንጁን 2017 ሊያስብ ይችላል። ያ ደግሞ የሰባት ስምንት ዓመት ያረጀ መረጃ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የወር ስም ጨምሩ። «ጥር 2017» ካላችሁ ጥር የፈረንጅ ወር ስላልሆነ ነገሩ ወደ እኛ አቆጣጠር ያዘነብላል። በእንግሊዝኛ ስትፈልጉ ግን ወደ ፈረንጁ ቀይሩ። ከመስከረም መባቻ እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ትጨምራላችሁ፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ነበር፣ ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚገኘው 1896 ተብሎ ነው።

ሰዓትም አለ። ጎግል ካርታ አንድ ቢሮ 8፡30 ይከፈታል ሲል ከጠዋቱ 2፡30 ማለቱ ነው። 5፡30 ይዘጋል ካለ ከቀኑ 11፡30 ነው። ስድስት ሰዓት ቀንሱ ወይም ጨምሩ። ይህን ረስቶ በር ላይ የሚቆም ሰው አይጠፋም።

6. ከመክፈታችሁ በፊት አንብቡ

ዝርዝሩ ሲመጣ ጣታችሁ የመጀመሪያው ላይ እንዳይሮጥ። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው አንዳንዴ ማስታወቂያ ነው። «ስፖንሰርድ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ አጠገቡ አለች። ይህ ማለት አንድ ሰው ከፍሎ ከላይ አስቀምጦታል ማለት ነው። መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ለማን ጥቅም እንደመጣ እወቁ ነው የምላችሁ።

አሁን አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተቀናበረ አጭር መልስ ብቅ ሊል ይችላል። ለጠቅላላ ዕውቀት ይጠቅማል። ዋጋ፣ ቀነ ገደብ፣ መድኃኒት ላይ ግን እሱን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ከየት እንዳመጣው የሚያሳየውን ሊንክ ክፈቱ።

ከእያንዳንዱ ርዕስ አጠገብ አድራሻ አለ። ዋናው ነገር የአድራሻው ጅራት ነው። በ«ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» (.gov.et) የሚያልቅ ከሆነ የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በ«ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ» (.edu.et) የሚያልቀው የትምህርት ተቋም ነው። አጭበርባሪዎች ይህን ስለሚያውቁ «ጎቭ» የሚለውን መሐል ላይ ይሰነቅሩትና መጨረሻውን «ዶት ኮም» ያደርጉታል። የስሙ አድራሻ የሚያበቃው የመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) ጋ ሲደርስ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ተጣምረው የሚመጡትን ሁለቱን አትቁጠሯቸው። ከእዝባሯ በፊት ያለውን ጅራት ተመልከቱ፤ ከእሷ በኋላ የሚመጣውን ማንም እንደፈለገ ሊጽፈው ይችላል።

ቀጥሎ ቀኑን እዩ። የፓስፖርቱን ጉዳይ እንውሰድ። አንዱ ገጽ የመደበኛ ፓስፖርት ክፍያ 2,000 ብር ነው ይላል። ሌላው 5,000 ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ክፍያው መሐል ላይ ጨምሯል። ይህን ስታነቡ እንደገና ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥር ባያችሁ ቁጥር «ይህ የተጻፈው መቼ ነው? ማነው የጻፈው?» በሉ። የአዲስ ዜና ዘገባ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የራሱ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ገጽ ነው። ያረጁትን ለማጥራት ከውጤቶቹ በላይ ካሉት ምርጫዎች ውስጥ የጊዜ ማጣሪያውን ፈልጉና «ባለፈው ዓመት» የሚለውን ምረጡ።

ገጹ ረጅም ከሆነ ሁሉንም አታንብቡ። ክሮም ላይ ሦስቷን ነጥብ ነክታችሁ «ገጹ ውስጥ ፈልግ» የሚለውን ክፈቱና «ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ። ቃሉ ያለበት ቦታ ላይ ይወስዳችኋል። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልና ኤፍን አንድ ላይ ተጫኑ። ይህችን አንዷን ብቻ ብትይዙ እንኳ ብዙ ጊዜ ታተርፋላችሁ።

7. አራት ምልክቶች

ሳጥኑ ውስጥ ከቃል ጋር የሚጻፉ ምልክቶች አሉ። ሁሉንም ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ ውሰዱ።

የመጀመሪያው ጥቅስ ነው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብላችሁ በጥቅስ ውስጥ ከጻፋችሁ ጎግል ቃላቱን እንደዚያው ተከታትለው ያሉበትን ይፈልጋል። የአንድ ድርጅት ሙሉ ስም፣ የተቀበላችሁት አጠራጣሪ መልእክት፣ ግማሹን ብቻ የምታስታውሱት አባባል፣ ሁሉም በዚህ ይፈለጋል። አጠራጣሪ መልእክት ላይ በተለይ ግሩም ነው፤ ያው ጽሑፍ ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ ታያላችሁ። ግን በጥቅስ ስትፈልጉ የፊደሉ ጉዳይ ይብስባችኋል። ሠ እና ሰ እዚህ ላይ ይቅር የሚባባሉ አይደሉም።

ሁለተኛው የመቀነስ ምልክት ነው። ልጃችሁ ስለ አንበሳ የቤት ሥራ ተሰጥቶታል እንበል። አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ «አንበሳ» ብትሉ ባንኩም አውቶቡሱም ይመጣል። «አንበሳ -ባንክ -አውቶቡስ» በሉ። ምልክቷ ከቃሉ ጋር ትጣበቅ፣ ከፊቷ ግን ባዶ ቦታ ይኑር።

ሦስተኛው በአንድ ዓይነት አድራሻ ውስጥ ብቻ መፈለጊያ ነው። የምትፈልጉትን ቃል ከጻፋችሁ በኋላ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሳይት» ብላችሁ ሁለት ነጥብ አድርጉ፤ ባዶ ቦታ ሳትተዉ «ጎቭ ዶት ኢቲ» የሚለውን፣ እሱንም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አስከትሉ፦ site:gov.et። የመንግሥት ገጾች ብቻ ይቀራሉ። ሁለት ነጥቧ የእንግሊዝኛዋ ትሁን። የእኛ ቃል መለያ ነጥብ መልኳ ቢመሳሰልም አትሠራም።

አራተኛው ፎርም ለሚፈልግ ሰው ነው። ከቃላችሁ ጋር «ፒዲኤፍ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል (pdf) ጨምሩ። ቅጾች፣ መመሪያዎችና አዋጆች ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት በዚያ መልክ ነው።

8. መቼ በእንግሊዝኛ?

የስልክ ብልሽት፣ የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት፣ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ከሆነ እንግሊዝኛው በጣም ይሰፋል። ውክፔዲያ እንኳ በአማርኛ አለ፣ ግን ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የዶሮ ወጥ አሠራር፣ የፆም ቀን፣ የወረዳ ጉዳይ ከሆነ በአማርኛ ፈልጉ። እንግሊዝኛ ያልሆነላችሁ የምትፈልጉትን ጎግል ትርጉም ላይ በአማርኛ ጻፉ፣ ቃላቱን ቅዱ፣ ፈልጉ፣ የመጣውን ገጽ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስቀይሩ። አማርኛ እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ትርጉሙ አንዳንዴ ያስቃል፣ ቁም ነገሩ ግን ይገባል። የሕክምና መጠን ላይ ግን አትመኑት፤ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

የሰፈር ስም በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። ፒያሳ በአንድ ኤስም፣ በሁለትም፣ በዜድም ይጻፋል። ካዛንቺስም እንዲሁ ነው። አንዱ ካልመጣ ሌላውን ሞክሩ።

9. ቦታ ስትፈልጉ

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ቁጥር ይዞ የሚሄድ ሰው የለም። «ከብሔራዊ ቲያትር ፊት ለፊት»፣ «ከለገሃር ዝቅ ብሎ» ነው አድራሻችን። ካርታ ላይም እንደዚያው ፈልጉ። መጀመሪያ ትልቁን ምልክት አግኙ፣ ከዚያ አካባቢውን እያሰፋችሁ እዩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በ2016 በጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳና አካባቢው በጣም ተቀይሯል። ብዙ ሱቆች ፈርሰዋል ወይም ተነሥተዋል። ካርታው ግን ሁሌ አልተከተላቸውም። ስልኩ «ደርሰዋል» ይላችኋል፣ እናንተ ግን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆማችኋል። ከመነሣታችሁ በፊት ሰዎች የጻፉትን አስተያየትና የለጠፉትን ፎቶ ቀን እዩ። የመጨረሻው አስተያየት በእኛ ከ2016፣ በፈረንጁ ከ2024 በፊት ከሆነ ተጠራጠሩና ደውሉ።

10. ጎግል የማይደርስበት

ሥራ፣ የኪራይ ቤት፣ ያገለገለ ዕቃ በአብዛኛው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። እዚያው ያለችውን የማጉያ መነጽር ነክታችሁ በቻናል ስም ፈልጉ። የተከታይ ብዛት ዋስትና አይደለም፤ ሊገዛ ይችላል። መሥሪያ ቤት የሚል ቻናል ካገኛችሁ ከመሥሪያ ቤቱ ዋና ገጽ ላይ ያለውን የቴሌግራም ሊንክ ነክታችሁ ወደዚያው ቻናል መድረሱን አረጋግጡ። ለሥራ ማመልከቻ ወይም ቤት ለማሳየት «መጀመሪያ ብር ላክ» ካለ ዝጉትና ውጡ።

በፎቶ የሚመጣ ወሬም አለ። «ዛሬ ስታዲየም አካባቢ የሆነውን እዩ» ተብሎ ሲላክላችሁ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡና የጎግሏን የካሜራ ምልክት ነክታችሁ አስገቡት። ብዙ ጊዜ ፎቶው ቀድሞ የታየበትን ገጽ ያመጣል። ያ ገጽ የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ሆኖ ቢገኝ አይግረማችሁ።

በሁለት አጻጻፍ፣ በመንደርና በቢሮ ቃል፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሞክራችሁ ካልመጣ እዚያ ላይ አቁሙ። ወይ ደውሉ፣ ወይ ሂዱ። ግማሽ ቀን ስልክ ላይ ከማፍጠጥ ታክሲ ይዞ መሄድ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

11. ያገኛችሁትን አስቀምጡ፣ ዱካችሁን አጥፉ

የመስፈርቱን ዝርዝር ስታገኙ ስክሪንሾት አንሱ። ቢሮው ሰልፍ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ እሱ አለላችሁ። አድራሻው ስክሪንሾቱ ውስጥ እንዲታይ አድርጉ፤ «ከየት አመጣኸው?» ሲሏችሁ ታሳያላችሁ።

የሰው ወይም የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ክሮምን በኢንኮግኒቶ (የፈለጋችሁትን መዝግቦ በማያስቀር መስኮት) ከፍታችሁ ጀምሩ። ስትጨርሱ ኢሜይላችሁን ሳይን አውት አድርጉና መስኮቱን ዝጉ። ኢንኮግኒቶ ግን ያወረዳችሁትን ፋይል አያጠፋም። የፓስፖርት ኮፒ፣ የመታወቂያ ፎቶ ወይም የሞላችሁት ፎርም «ዳውንሎድስ» ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል። ወደ ፍላሻችሁ ገልብጡት፣ ከዚያ አጥፉት፣ ቀጥሎ ቆሻሻ መጣያዋንም ከፍታችሁ ባዶ አድርጓት። ኮፒ ያደረጋችሁበት ስካነርም ላይ ዋናው ወረቀት እንዳይረሳ።